ከክንፉ ጥላ ስር ሰባት ሰዓት ተኩል

አብራሪ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አትፈሪም ወይ» ብሎ አይደለም፤ «ስንት ይከፍሉሻል» ብሎ ነው። በትውልድ ከተማዬ በሰቆጣ ደግሞ ጭራሽ አይጠይቁኝም፤ ራሳቸው ቆርጠው ይነግሩኛል። አንድ ቀን ገበያ መሃል የእናቴ ባልንጀራ ክንዴን ይዛ «አንቺማ ከሰማይ ነው የምታፍሺው» አለችኝ። ከሰማይ የማፍሰው አቧራና የወገብ ሕመም መሆኑን ላስረዳት ብሞክር ንፉግ ተባልኩ። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው። አሥር ሰው ግድም የሚጭኑ ሦስት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች አሉት። ደሞዛችን አነስተኛ መነሻ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው በበረርነው ሰዓት ልክ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ሰዓት የለም። ደመና ሲዘጋን፣ መድኃኒት የሚያመጣው መኪና ሲዘገይ፣ አህያ ሜዳው መሃል ተኝታ አልነሳም ስትል፣ ያ ሁሉ የእኛ ጊዜ ነው እንጂ የድርጅቱ አይደለም።

ለቅጥር ስንወዳደር አምስት ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የኦፕሬሽን ኃላፊው ወረቀቴን እያገላበጠ የትውልድ ቦታዬ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ። ድርጅቱ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ዋግ ኽምራ፣ መድኃኒት፣ ክትባትና ባለሙያ የማመላለስ ውል በዚያው ሰሞን ይዞ ነበር።

«ያገሩን ቋንቋ፣ ኽምጣንጋን፣ ትችያለሽ?» አለኝ።

«እችላለሁ።»

«የዚያን አገር ነፋስ ታውቂዋለሽ?»

«እሱም ያውቀኛል» አልኩት።

ሳቀና ቀጠረኝ። ውሉን ስፈርም ከሥር ያለችውን ትንሽ አንቀጽ አላየኋትም፤ ወይም አይቻት ደስታዬ አዘለለኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ የሚያድር አብራሪ የውሎ አበልና የመኝታ ይከፈለዋል፤ በትውልድ ቦታው የሚያድር ግን ቤት አለውና አይከፈለውም ትላለች። እንግዲህ በድርጅቱ ውስጥ የሰቆጣ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ ሁለት ሁለት ሳምንት የምንመደበውም ሰቆጣ ብቻ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ረዳት ሆኜ አብሬያቸው የምበረው ካፒቴኔ ሆቴል ያድራሉ፤ እኔ አባቴ ቤት መደብ ላይ እተኛለሁ። እናቴን አንድ ጊዜ የመኝታ ደረሰኝ እንድትፈርምልኝ ለመንኳት።

«ልጄን አሳድሬ ደረሰኝ?» አለች። «የኔ ቤት ሆቴል ከሆነ እነሱ ምን ሊባሉ ነው?»

አልፈረመችም። እኔ ግን በየወሩ አንድ የአቤቱታ ደብዳቤ ለኃላፊው እልካለሁ፤ የምቀይረው ቀኑን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ መልስ የለም፣ እስከ ዛሬም እልካለሁ።

የሰቆጣ ፕሮግራማችን እንዲህ ነበር። ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሜዳው ላይ እንገኛለን። ጠጠር ሜዳ ነው። ከዳር እስከ ዳር በእግሬ እየሄድኩ ድንጋይ እለቅማለሁ፣ ያደሩ አህዮችን አስነሳለሁ፤ የረዳት አብራሪ ሥራ ምንድነው ለሚለኝ ይኸው ነው። ሲነጋ ተነስተን ኮምቦልቻ እንወርዳለን፣ እዚያ መድኃኒትና ባለሙያ ጭነን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰሃላ እንገባለን። ሰሃላ መኪና እምብዛም የማይደርስበት ቆላ ነው፤ ክትባት በእግር መንገድ ቢሄድ ሳይደርስ ይበላሻል። ስለዚህ ያገሩ ሰው ራሱ ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ ድንጋይ ለቅሞ አንዲት አጭር ሜዳ አዘጋጅቷል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ባለሙያዎቹ በየጎጡ ዞረው እስኪመለሱ እንጠብቃለን። ቢመለሱም ፀሐዩ አይለቀንም፤ ቀትር ላይ የቆላው አየር ግሎ ይሳሳል፣ የተጫነ አውሮፕላን ደግሞ በሳሳ አየር ከአጭር ሜዳ አይነሳም። ጠራራው እስኪበርድ፣ እስከ አሥር ሰዓት፣ ከክንፉ ጥላ ስር እንቀመጣለን። ጥላው ሲዞር እኛም እንዞራለን። ጥሎ መሄድ አይቻልም። ነዳጅ አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ፍየሎቹ ደግሞ ያገኙትን ገመድና ጨርቅ ሁሉ መቅመስ ይወዳሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ተነስተን፣ ሰቆጣ ሜዳው መብራት ስለሌለው ሳይመሽ እንገባለን። ጭነቱን አራግፈን፣ አውሮፕላኗን አስረን፣ ወረቀት ሞልተን ስንጨርስ አሥራ ሁለት ይሆናል።

ይህ ቀን ድርጅቱ በወር መጨረሻ በሚያስፈርመን ቅጽ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ደግሞ ልንገራችሁ። ከንጋት እስከ ሁለት ተኩል ሥራ። ከሁለት ተኩል እስከ አሥር ዕረፍት። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሥራ። ጠቅላላ አምስት ሰዓት። ዕረፍት የምትለዋ ቃል በእጅ የምትሞላ አይደለችም፤ ታትማ ነው የምትመጣው። ከጎኗም «በጤና ኬላው ማረፊያ ክፍል» ይላል። ጤና ኬላው ከሜዳው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ አልጋ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አብራሪ በቀንና በሳምንት የሚሠራበት ሰዓት በሕግ ገደብ አለው። ገደቡ ከሞላ ሌላ ጥንድ አብራሪ መላክ ግድ ነው፤ ሌላ ጥንድ ደግሞ ሌላ ደሞዝ ነው። በቀን አምስት ሰዓት ብቻ የሠራ ሰው ግን ነገም ይበራል፣ ከነገ ወዲያም ይበራል፣ አሥራ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ይበራል። እኛም እንዲሁ እንበር ነበር።

ካፒቴኔ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው በብዙ በረራ የተካነ ሰው ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ለጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቷል። ቅጹን ሳያነቡ ይፈርማሉ። በመጀመሪያው ወር እኔ ብዕር ይዤ ስቆዝም አይተው «ፈርሚ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። ፈረምኩ። እኔም የምሻው ነገር ነበረኝ። የበረራ ሰዓቴ ሞልቶ ለካፒቴንነት ፈተና ለመቅረብ የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነበር የቀረኝ። ለዚያች ፊርማ ስል ሰባት ወር ሙሉ ውሸት ፈርሜአለሁ። ንጹሕ ነኝ አልልም።

ዐቢይ ጾም ገባ። ከሰሃላ ሜዳ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ቄሱ ጀርባቸው የጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አገር ሰዓት ያሰረ ሰው ጥቂት ነው፣ ስልክም ቢኖር ኃይሉ ያልቃል። ጾመኛው ዘጠኝ ሰዓት መሙላቱን የሚያውቀው በፀሐይና በቄሱ ነበር። እኛ ከመጣን ወዲህ ግን ሌላ ሰዓት አግኝቶ ኖሯል። አውሮፕላኗ ስትነሳ መብላት ይቻላል ተባለ። አሥር ሰዓት ስለምንነሳ ዘጠኝ ማለፉ እርግጥ ነው፤ ለጥንቁቅ ሰው የምንመች ሰዓት ሆንን። እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም።

አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ አመጡ። ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ አየሩ ይነዳል። ካፒቴኔ ጭነቱን በሙሉ አስወረዱ፣ ባለሙያዎቹን እዚያው እንዲያድሩ አደረጉ፣ ሴትዮዋንና አዋላጇን ብቻ ይዘን ቀለል ብለን ተነሳን። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች። በማግስቱ ጠዋት ሰሃላ ስንደርስ ቄሱ መቋሚያቸውን ተክለው ሜዳው ዳር ቆመዋል።

«ከናንተ ትልቁ ማነው?» አሉ።

ካፒቴኔን አሳየኋቸው።

«ትናንት አገሩን በሙሉ በስምንት ሰዓት አስገደፋችሁት።»

ካፒቴኔ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አጠፋን አባ?» አልኩ።

«ተነሳችኋ። እናንተ ስትነሱ ሰው ማዕድ ያቀርባል። በስምንት ተነሳችሁ፣ አገሩ በስምንት በላ። እንግዲህ ንስሐውን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ?»

የሴትዮዋን ነገር ነገርኳቸው። «እሱንማ ማን ይጠላል፤ ዋጋችሁን እግዜር ይክፈላችሁ» አሉ። «ለእሷ መነሳታችሁ ደግ ነው። ላገሩ ሰዓት መሆናችሁ ግን አልተወደደም።»

ሳቄ መጥቶ ከንፈሬን ነከስኩ። ቄሱ ግን የመጡት ለወቀሳ ብቻ አልነበረም፤ መላ ይዘው ነው። አውሮፕላን ሰዓት እንዳልሆነች ለምእመናቸው ማስረዳት ፈልገዋል፤ ለዚህም ስንመጣ፣ ቀትር ላይ፣ በዘጠኝና ስንነሳ ጥላ መለካት አለባቸው። ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የጥላው አናት የወደቀበት ቦታ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ ባለጥላው ራሱ ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ በእግሩ ይቆጥረዋል። ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ችግሩ ጀርባቸው ነበር።

«የጎበጠ ሰው ጥላ አይታመንም» አሉኝ። «አንቺ ቁሚልኝ።»

ቆምኩላቸው። ልኬቱን አባቴ በልጅነቴ አስተምረውኛል፤ መሪጌታ ናቸውና በየወሩ ጫማው እንደሚለያይ እንኳ በቃላቸው ይሉታል። ያን ማታ ቤት ገብቼ ስነግራቸው ስንት ጫማ እንደቆጠርን ጠይቀው «ለመጋቢት ልክ ናቸው» አሉና ስለ አውሮፕላኗ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰሃላ ውሏችን ሌላ ሥራ ተጨመረበት። እኔ ስቆም ቄሱ ይጽፋሉ፤ እኔ ነዳጅ ስቀዳ ካፒቴኔ ይቆማሉ። መጀመሪያ አፍረው ነበር፣ ኋላ ግን ጫማቸውን ቀድመው አውልቀው ይጠብቁ ጀመር። ቄሱ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ በግዕዝ ቁጥር ቀኑን፣ ጫማውንና የቆመውን ሰው ያሰፍራሉ። «ሲመጡ አሥራ አንድ ጫማ፣ ሴቲቱ። ቀትር አንድ ጫማ፣ ትልቁ። ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ጫማ፣ ሴቲቱ። ሲሄዱ አሥራ አንድ ጫማ፣ ትልቁ።» እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ያነቡታል። ደመና ሲያሰጋን ቀድመን የሄድንበትን፣ ባለሙያ ጠፍቶን የዘገየንበትን እየጠቀሱ «ይህችን ነው ሰዓት ያላችኋት?» ይላሉ አሉ።

ጾሙ ሲጋመስ፣ በተከታታይ በበረርን በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሰሃላ በአሥር ሰዓት ተነሳን። ስድስት መንገደኞች ከኋላችን አሉ። ካፒቴኔ ያበራሉ፣ እኔ ሬዲዮ ይዣለሁ። ከፍታችንን ነገርኳቸው፤ አልመለሱልኝም። ደገምኩ። ዞር ብል እጃቸው መሪው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ግን ተከድኗል። አውሮፕላኗ ቀስ ብላ ወደ ግራ ማዘንበል ጀምራለች፤ በግራ ያለው ተራራ ነው። «እኔ ይዣለሁ» አልኩ እንደ ደንቡ፣ መሪውን ይዤ ቀና አደረግኳት። ከዚያ ክንዳቸውን ነካሁ።

ነቁ። ተራራውን አዩት፣ መሪው ላይ ያለውን እጄን አዩት። ሰቆጣ ላይ እኔ አሳረፍኩ። ከመንገደኞቹ አንዷ ስትወርድ «ዛሬስ እንዴት ለስላሳ ነበር» ብላ እሳቸውን አመሰገነች።

አውሮፕላኗን እያሰርን «ስንት ደቂቃ ይሆናል?» አሉኝ።

«አላውቅም ካፒቴን። ሁለትም ሊሆን ይችላል።»

«ይህን ከጻፍሽው እኔ አበቃልኝ ልጄ።»

ተናድጄ ነበር። በድርጅቱ ነው የተናደድኩት ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን በእሳቸውም ነበር፤ ሰባት ወር ዝም አይነቅዝም ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስድስት ሰው ይዘን ነበር፤ አንዷ ነርስ በየሳምንቱ ለእናቴ የራስ ምታት መድኃኒት የምታመጣ ልጅ ነች።

«የእርስዎን እንቅልፍ አልጽፍም» አልኳቸው። «ሰዓቱን ግን እጽፋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ዕረፍት በሚል ቃል ላይ አልፈርምም።»

«ሰዓቱን ካነሳሽ ስለ እንቅልፍ መጠየቃቸው አይቀርም።»

«ቢጠይቁኝ ካፒቴኑን ጠይቁ እላለሁ» አልኩ። ጨካኝ መልስ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ቅጹን ሳልፈርም መለስኩት። በማግስቱ ኃላፊው ደወለ።

«ምን ጎደለሽ?»

«ሰባት ሰዓት ተኩል» አልኩት።

«ዛፍ ስር ተቀምጠሽ ነፋስ ስትቀበዪ ውለሽ ሥራ ትያለሽ?»

«ዛፍ የለም። መጥተው ይዩት።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፤ ስምሽ ለፈተና ከሚቀርቡት ጋር ነው። ቅጹን ፈርመሽ ላኪና በሚቀጥለው ወር ትቀመጫለሽ። አልፈርምም ካልሽ ደግሞ በጤና ኬላው አለማረፋችሁን አስረጂ። ማን አይቷችኋል? ፍየል ነው ምስክር የምትቆጥሪልኝ?»

ፍየል አይደለም አልኩ በልቤ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ ይህ ሰው ፍየል እንጂ ሰው የማይኖርበት አገር ላይ የሚያበረን መስሎታል። ያን ሳምንት የበረራ ሕጉን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። የኃላፊው መልስ ከእነሱ ቀደመ፤ ስሜ ከፈተናው ዝርዝር ወጣ።

ሰሃላ ስንደርስ ደብተሩን እንዲያውሱኝ ቄሱን ለመንኳቸው። እንቢ አሉ።

«ፋሲካ ይለፍ። አሁን ከሰጠሁሽ እሑድ ምን አነባለሁ? ያለሱማ ማን ያምነኛል።»

ጠበቅኩ። በየዕለቱም ቆሜ ተለካሁ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ቀጥ ብዬ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ደብተሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«መልሰሽ ታመጪዋለሽ» አሉ። «ይህን አይተው ካላመኑሽ ግን ጥፋቱ የጥላው አይደለም።»

ስብሰባው አዲስ አበባ፣ በኃላፊው ቢሮ ነበር። ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንድ ጎልማሳ ሰው መጥቷል። ካፒቴኔ በምስክርነት ተጠርተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከሰቆጣ ከተመለስን ወዲህ ስለ እንቅልፉ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ኃላፊው ደብተሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ገለጠው።

«ይሄ ምንድነው? ጫማ? የአየር መንገድ ጉዳይ በጫማ ሊዳኝ ነው?»

ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም፤ እንዳስረዳው ጠየቀኝ። ማስረዳቱ ረዘመብኝና «እባክዎ ይውጡ» ብዬ ወደ ግቢው መራሁት። ጫማዬን አውልቄ ሲሚንቶው ላይ ቆምኩ። የጥላዬን አናት በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ያዘልኝ፤ በካልሲዬ ቆጠርኩ። የሰዓቱን ግምቴን ነገርኩት። የእጅ ሰዓቱን አየና «አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሳትሽው» አለ። ኃላፊው በመስኮት ያየን ነበር። በካልሲ መቆሜ አላሳፈረኝም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረዝሜ አላውቅም።

ስንመለስ ኃላፊው ተዘጋጅቶ ጠበቀን። «እሺ፣ ጥላ ትለካለች እንበል» አለ። «ግን ይህ የአንድ የገጠር ቄስ ደብተር ነው። እዚህ የተቀመጡት ሰው የሠላሳ ዓመት ካፒቴን ናቸው፤ ሰባቱንም ወር ፈርመዋል። እሳቸውን እንጠይቃቸው። ካፒቴን፣ አርፈዋል ወይስ አላረፉም? ተኝተዋል ወይስ አልተኙም?»

ካፒቴኔ ወደ እኔ አላዩም። እኔ ግን አየኋቸው፤ ምን እንደሚሉ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሁለት ልጆች፣ ሁለት ዓመት። እኔ ብሆንስ ምን እል ነበር ብዬ ይቅርታ ላደርግላቸው ራሴን አዘጋጀሁ።

«ተኝቻለሁ» አሉ።

ኃላፊው ወደ ተቆጣጣሪው ዞሮ እጁን ዘረጋ፣ ይኸው ለማለት። ካፒቴኔ ግን ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«የተኛሁት ግን መሬት ላይ አይደለም። መጋቢት ውስጥ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ስድስት መንገደኛ ይዤ አየር ላይ ተኛሁ። የቀሰቀሰችኝ እሷ ነች። እንዳትጽፈው ስለለመንኳት አልጻፈችውም። እኔ ጽፌዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጫማ አላነሳም። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ለኃላፊው ገፋለት። በዚያው ሳምንት ጥበቃው እንደ ሥራ እንዲቆጠርና ወደ ሰቆጣ ሁለት ጥንድ አብራሪ እየተፈራረቀ እንዲላክ ታዘዘ። ካፒቴኔም በዚያው ትእዛዝ ከበረራ ታገዱ።

አሸነፍሽ ያሉኝ አሉ። እኔ ያን ቀን ያለቀስኩት ከንዴት ነው። የእኔ ደብዳቤ፣ የአንድ ሽማግሌ ቄስ ስንት ቀን የተለፋበት ደብተር፣ አገር ሙሉ ሰው በየእሑዱ የሰማው ነገር ያላሳመናቸውን ሰዎች የአንድ ሰው እፍረት አሳመናቸው። ሰው በገዛ ቃሉ ራሱን ሲጎዳ ካላዩ እውነትን የማያምኑ ሰዎች አሉ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ደብተሩን ለቄሱ መለስኩ። ፈተናውን ደግሞ ተቀመጥኩ፤ ድርጅቱ በድንገት ካፒቴን ጎድሎት ነበርና ስሜ ወደ ዝርዝሩ ሲመለስ ማንም ምክንያት አልጠየቀም። ማለፌን የሰማሁ ዕለት ለካፒቴኔ ደወልኩ። የእርስዎ ወንበር ነው፣ እንዴት እቀመጥበታለሁ አልኳቸው።

«ወንበር ባዶውን ቢቀመጥ እኔን ምን ይጠቅመኛል» አሉ። «ተቀመጪበት። ሲደክምሽ ግን ደከመኝ በይ፤ እኔ ያላልኩትን።»

በካፒቴንነት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንቴን ሰቆጣ በርሬ ስመለስ ኃላፊው የወሩን ቅጽ አቀረበልኝ። ያው ቅጽ ነው። ከሁለት ተኩል እስከ አሥር፣ ዕረፍት፣ በጤና ኬላው ማረፊያ ክፍል፤ ታትሞ። የድሮው ሕትመት ስላላለቀ ነው፣ ቃሉን አትይው፣ ሰዓቱን በሌላ ወረቀት በትክክል እንመዘግባለን አለኝ። ብዕሬን አውጥቼ ዕረፍት የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከላዩ ሥራ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

«ይህ እኮ የድርጅቱ ቅጽ ነው» አለ።

«ፊርማው የእኔ ነው» አልኩት።